አፕዴት መቼ ይደረግ? ከጎጃም የሥራ ልምዴ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የድርጅቶችን ኮምፒውተር በመከታተል ነው የምተዳደረው። ከምሠራላቸው መካከል ጅምላ አከፋፋይ አለ፣ ሆቴል አለ፣ ፋርማሲ አለ፣ የገበሬዎች ዩኒየንም አለ። አንዳንዶቹ እዚሁ ከተማ ናቸው፤ ሌሎቹ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ሞጣ። ሥራቸው ቢለያይም ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ይሄ አፕዴት አሁን ይደረግ ወይስ ይቆይ?»

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር አብዛኛው «ቶሎ አዘምኑ» ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ግን የተጻፈው መብራት ለማይጠፋበት፣ ኔት ለማይቋረጥበት፣ ሶፍትዌሩ ሁሉ ተገዝቶ ለገባበት ቢሮ ነው። እዚህ ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። እኛ እንዴት እንደምንወስን ልጻፍላችሁ። ተመሳሳይ ሥራ ላይ ላላችሁም፣ አንድ ሱቅና ሁለት ኮምፒውተር ይዛችሁ ለምትጨነቁም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በየወሩ የሚመጣው የደኅንነት ፓች አንድ ነገር ነው። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11፣ ከአሮጌ ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር) ወደ አዲስ መሻገር ደግሞ ሌላ ነው። ፓች የተገኘ ቀዳዳ ይደፍናል፤ የሥራችሁን መልክ ብዙም አይነካም። አዲስ ቨርዥን ግን ሠራተኛው የለመደውን ይቀይራል፣ ዳታውን ይቀይራል፣ አንዳንዴም ኮምፒውተሩን ራሱ ያስቀይራል። ብዙ ባለቤቶች የቨርዥን ለውጡን ፈርተው ፓቹንም አብረው ይዘጉታል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ፓች በቀናት ውስጥ ይገባል፤ አዲስ ቨርዥን የድርጅቱን የሥራ ወቅት አይቶ ይገባል።

ፓች ሲዘገይ ምን እንደሚመጣ ለማስረዳት የማነሳው ዋናክራይ የተባለውን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ታሪክ ነው። ማይክሮሶፍት ቫይረሱ የገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፓች ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ነበር። ቫይረሱ የተለቀቀው ግንቦት 4 ነው። በመካከሉ ሁለት ወር ያህል ጊዜ ነበር። ፓቹን የጫነ ኮምፒውተር በዚያ ቀዳዳ አልተጠቃም። ያልጫነው ፋይሎቹ ተቆልፈው በቢትኮይን ክፈል ተባለ። ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች ተመቱ። እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች የሕመምተኛ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ አካሄዱ ነው። አንድ ኮምፒውተር ከተያዘ፣ ማንም ምንም ሳይነካ በኔትዎርኩ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። እኛ ጋ ሒሳብ ክፍሉም፣ መጋዘኑም፣ እንግዳ መቀበያውም የተያያዙት በአንድ ስዊች (የኔትዎርክ ገመዶችን የሚያገናኝ ሳጥን) ነው።

በሌላ በኩል መቸኮልም ያስከፍላል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ስህተት ያለበት ማሻሻያ ለደንበኞቹ ላከ። 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ተገትረው ቀሩ። በረራዎች ተሰረዙ፤ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። ብዙዎቹን ለማስነሳት ባለሙያ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ የተበላሸውን ፋይል በእጁ ማጥፋት ነበረበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ፓች ቶሎ እንጭናለን፤ ግን ሁሉም ላይ በአንድ ቀን አንጭንም።

የማይክሮሶፍት ወርኃዊ ማሻሻያ የሚለቀቀው በፈረንጅ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። እዚያ ጠዋት ሲሆን እዚህ ማታ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይሆናል። እኛ የምናየው ረቡዕ ጠዋት ነው። ሠራተኛው ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲያበራ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውረድ ይጀምራል። ኔት ይንቀራፈፋል። ከገጠር ከተማ ዕቃ ሊጭን የመጣ ነጋዴ ካውንተር ላይ ደረሰኝ ሲጠብቅ ይቆማል። «ሲስተም የለም» ይባላል። ባለቤቱ ሳይወስን፣ እኔም ሳልወስን፣ ቀኑን አፕዴቱ ራሱ መረጠ ማለት ነው።

ይህን ለማስቀረት ጅምላ መደብሩ ውስጥ አንድ የሙከራ ኮምፒውተር መርጠናል። ጥግ ላይ የተቀመጠ ትርፍ ማሽን አይደለም። ስቶር ኪፐሩ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ነው። ረቡዕ እሱ ብቻ ይዘምናል። በሌሎቹ ላይ ማሻሻያው እንዲቆይ እናደርጋለን፤ ዊንዶውስ እስከ 35 ቀን ማቆየት ይፈቅዳል። ስቶር ኪፐሩ የተለየ ፍተሻ አያደርግም። የዕለት ሥራውን ይሠራል። ፒችትሪ ይከፍታል፤ የዕቃ መውጫ ያትማል፤ በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር) የተጻፈ ደብዳቤ ከፍቶ ፊደሉ እንዳልተበላሸ ያያል። የተለየ ነገር ካየ ይደውልልኛል። ሰላም ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መደብሩ ሲዘጋ፣ ሌሎቹ ይዘምናሉ።

ሥራ የሚሠራበት ማሽን ይሁን የምለው በምክንያት ነው። የሚበላሸው ነገር ብዙ ጊዜ ዊንዶውሱ ሳይሆን ከእሱ ጋር የተያያዘው ነው። መስከረም 2014 ላይ የወጣው ማሻሻያ በኔትዎርክ የተጋሩ ፕሪንተሮችን በብዙ አገር አስቁሞ ነበር። መጨረሻው 11ቢ የሆነ የስህተት ቁጥር ይወጣ ነበር። ባዶውን የተቀመጠ ኮምፒውተር ላይ ቢሞከር ማንም አያየውም፤ ምክንያቱም ማንም ከእሱ አያትምም። ያኔ ሰው የተቀባበለው መፍትሔ ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ አንድ ቁጥር ወደ ዜሮ መቀየር ነበር። ፕሪንተሩ ይሠራል፤ የተደፈነው ቀዳዳ ግን ተመልሶ ይከፈታል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ፕሪንተሩ የኔትዎርክ ገመድ መሰኪያ ካለው በቀጥታ ስዊቹ ላይ ሰክታችሁ ተጠቀሙ። ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ብቻ ተያይዞ ሌሎቹ በእሱ በኩል እንዲያትሙ መተው የለበትም።

የቨርዥን ለውጥን ቀን ግን እኔ አልመርጥም። መጀመሪያ የማነጋግረው ሒሳብ ሠራተኛዋን ነው። «እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ሁለት ቀን ቢቆም የማይጎዳሽ መቼ ነው?» ስላት መልሷ አጭር ነበር። «ከሰኔ እስከ ጥቅምት እንዳትመጣብኝ።» ልክ ናት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የንብረት ቆጠራ አለ፤ ሒሳብ መዝገብ የሚይዝ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ሒሳቡን አሳውቆ ግብሩን መክፈል አለበት። በዚያ ላይ ክረምት ነው። መብረቁም፣ የመብራት መቆራረጡም የሚበዛው ያኔ ነው።

ሌላው ቤት ሌላ ወቅት አለው። መጠጥ የሚያከፋፍል ድርጅት ጥር ላይ አይነካም፤ ሠርጉ ሁሉ ያኔ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ግን ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ለሆቴሉም እንደዚያው። ዩኒየኑ ከሚያዝያ ጀምሮ የማዳበሪያ ሥርጭት ላይ ነው፤ አዝመራ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ደግሞ እህል ግዢ ይጀምራል። ለእነሱ የተገኘው ክፍተት ኅዳር ነው። ፋርማሲው ወቅት የለውም። ሰዓት ብቻ ነው ያለው፤ ማታ ከተዘጋ በኋላ። የውጭ መመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ካላንደር አታገኙም። ሠራተኛውን ጠይቃችሁ ራሳችሁ ነው የምትሠሩት።

ይህ ነገር የተፈተነው በዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመበት ቀን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነበር። አስቡት፤ ልክ ግብር የሚዘጋበት ወር መጀመሪያ ላይ ነው። እስከ መጨረሻው የጠበቀ ድርጅት ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፦ ወይ በግብር ሰሞን ሲስተም መቀየር፣ ወይ ያለ ፓች መቆየት። እኛ ቀኑን ቀድመን ስላወቅን ዋናውን የሒሳብ ኮምፒውተር በ2017 ሁዳዴ ላይ ቀየርነው።

ባለቤቱን ማሳመን ቀላል አልነበረም። «ልጄ፣ እየሠራ ያለ ነገር ለምን ይነካል?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በንቀት መመለስ የለበትም። «ጋሼ፣ ጥቅምት 4 ኮምፒውተሩ አይቆምም። እንደ ወትሮው ይከፈታል። ግን ከዚያ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ አይደፈንም። አደጋው በአንድ ቀን አይመጣም፤ በየወሩ ይጨምራል» አልኳቸው። ቀጥለው የጠየቁኝ ስለ ዋጋ ነው። እኔም ስለ ኮምፒውተሩ ዋጋ ከማውራት ሌላ ነገር ጠየቅኳቸው፦ «ሒሳቡ ለአንድ ሳምንት ባይከፈት ስንት ያጣሉ? ማን ምን ያህል ዱቤ እንዳለበት ከየት ያገኙታል?» ዱቤው ላይ ስንደርስ ነገሩ ገባቸው። በዱቤ ለሚሠራ ጅምላ ነጋዴ መዝገቡ ገንዘቡ ነው።

ሁሉም ኮምፒውተር 11ን አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። እዚህ ብዙ ድርጅት ያገለገለ ኮምፒውተር ስለሚገዛ ግማሹ አያልፍም። መስፈርቱን በዘዴ ዘልሎ 11ን መጫን ይቻላል። ለሒሳብ ኮምፒውተር ግን በፍጹም አልመክርም፤ ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ማሽን ማሻሻያ ላይደርሰው እንደሚችል ራሱ ተናግሯል። የምንሸሸው ነገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ገንዘብ ከፍሎ የዊንዶውስ 10ን ፓች የማራዘም አማራጭም አለ። ለድርጅት በአንድ ኮምፒውተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። አንድ ዓመት ጊዜ ለመግዛት ይሆናል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት ላይ ግን ለአሮጌ ማሽን የሚወጣው ብር አያዋጣም።

የቀሩትን አሮጌዎች ከኢንተርኔት ነቅለን ለመጋዘን ምዝገባ ብቻ ተውናቸው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ኔት የሌለው ኮምፒውተር ከፍላሽ ቫይረስ አይድንም። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ የማያውቅ ቢሮ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ የተነቀለው ማሽን ላይ የውጭ ፍላሽ አይሰካም።

ፒችትሪን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። አዲሱ ቨርዥን የድርጅቱን ዳታ ሲከፍት ይቀይረዋል። አንዴ ከተቀየረ አሮጌው ቨርዥን አይከፍተውም። ወደ ኋላ መመለሻው ቀድሞ የተወሰደ ባክአፕ (የዳታው ቅጂ) ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከሰርቨሩ ጋር የተያያዙት ሁሉ አንድ ዓይነት ቨርዥን መሆን አለባቸው፤ «የሷን ብቻ እንቀይር» አይባልም።

እኛ እንዲህ አደረግን። ዳታውን ኮፒ አድርገን በሌላ ላፕቶፕ ላይ አዲሱን ቨርዥን ጫንን። ሒሳብ ሠራተኛዋ ከአሮጌው ላይ ትሪያል ባላንስ (የሁሉም ሒሳቦች ቀሪ ዝርዝር) አተመች፤ ከአዲሱም አተመች። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ማስመሪያ ይዛ፣ መስመር በመስመር ወረደች። ባንኩ፣ ተሰብሳቢው፣ ተከፋዩ፣ የዕቃው ዋጋ። ጠቅላላ ድምሩ እኩል መሆኑ አልበቃትም። የትልልቆቹን ደንበኞች ቀሪ ሒሳብም አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ፈረመች። እሷ ሳትፈርም ዋናውን አልነካሁም። ኮምፒውተሩ ተነሳ ማለት ሒሳቡ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ያንን የምታውቀው እሷ ናት።

ባክአፕ ስል ተመልሶ የተሞከረ ባክአፕ ማለቴ ነው። አንድ ድርጅት ገብቼ «በየቀኑ ባክአፕ እናደርጋለን» አሉኝ። ስፈልገው ፋይሉ ያው ኮምፒውተር ላይ፣ ዲ ድራይቭ ውስጥ ተቀምጧል። ሃርድ ዲስኩ ቢሞት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። አሁን አንዱ ኮፒ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ሆኖ ከቢሮ ውጭ ያድራል፤ ከማንኛውም የቨርዥን ለውጥ በፊት ደግሞ በሌላ ማሽን ላይ ከፍተን እናየዋለን።

መብራት እንዳለ ተማምናችሁ አትጀምሩ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው ሳላረጋግጥ ትልቅ ማሻሻያ አልነካም። በተለይ የባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) ማሻሻያ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ያንን ሥራ ካላስገደደ በቀር በክረምት አልሠራም።

ኔትን በተመለከተ፣ በአካባቢያችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ የነበረበት ጊዜ ነበር። ያኔ የተማርነው ነገር ዛሬም ይጠቅማል። የዊንዶውስ ወርኃዊ ማሻሻያ የቀደሙትን አጠቃልሎ ይይዛል። ስለዚህ ያመለጡትን ወራት አንድ በአንድ መልቀም አያስፈልግም፤ ለቨርዥናችሁ የወጣው የመጨረሻው አብዛኛውን ይሸፍናል። ፋይሉን ከማይክሮሶፍት የማሻሻያ ካታሎግ ላይ አውርዶ በኤክስተርናል መያዝ ይቻላል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ሲገኝ ይዞልን ይመጣ ነበር። ኔት ሲኖርም፣ አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ እንዲወስዱ የሚያደርግ ቅንብር ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ክፈቱት። በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ግንኙነቱን «ሚተርድ» (ዳታ የሚቆጥብ) አድርጉት፤ ፓኬጃችሁን አይጨርስባችሁም።

አሁን ብዙ ሰው በግልጽ ወደማያወራው ነገር ልግባ። በአካባቢያችን አፕዴት የማይደረግበት ትልቁ ምክንያት መብራትም ኔትም አይደለም። ክራክ ነው፤ ማለትም ፈቃዱ ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ የሚሠራ ሶፍትዌር። «አፕዴት ካደረግኩት ይዘጋብኛል» ብሎ ማሻሻያውን ከነጭራሹ ያጠፋው ድርጅት ብዙ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ፈቃድ በዶላር ነው፤ ዶላሩም ክፍያውም አስቸጋሪ ነው። ግን ክራኩ ሲጫን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱን እንድታጠፉ ነው። ማን እንደሠራው በማይታወቅ ፕሮግራም እጅ የድርጅቱን ሒሳብ ማስቀመጥ ነው። ለባለቤቶች የምለው ይህ ነው፦ ሁሉንም በአንዴ መግዛት ካልቻላችሁ ከሒሳቡ ኮምፒውተርና ከሰርቨሩ ጀምሩ። አዲስ ኮምፒውተር ስትገዙ ዊንዶውሱ ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣውን ምረጡ። ልዩነቱ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን በየወሩ የምትወስኑት ነገር የቀን ጉዳይ ብቻ ይሆናል።

የስልክ አፖች ብዙም አያስጨንቁም። የባንክና የክፍያ አፖች ካልታደሱ አልከፍትም እያሉ ራሳቸው ይወስኑላችኋል። የሚረሳው ራውተሩና የካሜራው መቅጃ ነው። ሆቴሎች ውስጥ ተሰቅለው ዓመታት ይኖራሉ፤ ማንም አያያቸውም። በ2009 ጥቅምት ሚራይ የተባለው ጥቃት ትልልቅ ድረ ገጾችን ያስቆመው ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ሰብስቦ ነው። እነዚህን በዓመት አንዴ፣ ቆጠራ በሚደረግበት ሰሞን አብረን እናያቸዋለን። ንብረት ቆጣሪው የሞዴል ቁጥሩን ይመዘግባል፤ እኔ አምራቹ አዲስ ፈርምዌር (የመሣሪያው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ማውጣቱን አያለሁ፤ ድጋፉ ያለቀበት ከሆነ ለቀጣዩ በጀት ግዢ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። የይለፍ ቃሉን ለመቀየር ግን ቆጠራ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ቀይሩት።